የአክስቴ ቀለበትና የጄኔቫው ሐራጅ

ይህን የምጽፈው ቤታቸው ውስጥ የቆየ ቀለበት፣ ሐብል ወይም ያልተሞረደ ድንጋይ አስቀምጠው «ይሄ ነገር ውጭ አገር ቢሸጥ ስንት ያወጣ ይሆን?» ለሚሉ ሰዎች ነው። እኛ ደሴ እንዲህ የሚል ሰው ሞልቷል። ምክንያትም አለን። እህቶቻችን ከአረብ አገር ሲመለሱ የላባቸውን ዋጋ በወርቅ ይዘው ይመጣሉ። ኦፓል የሚባለው የወገልጤና የከበረ ድንጋይ በከተማችን በኩል ያልፋል። ሴት አያቶቻችን የብር ድሪና አልቦ ትተውልናል። ታዲያ አንድ ሰው «ጄኔቫ ላይ አንድ ቀለበት በ57 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ» የሚል ዜና አይቶ ልቡ ቢሰቀል አልፈርድበትም።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስለ ጌጣጌጥ የማውቀው ወርቅ ቤት መስታወት ላይ ከማየው አያልፍም ነበር። ወደዚህ ዓለም የገባሁት ቤተሰባችን በአንድ ቀለበት የተነሳ ተኳርፎ ስለነበር ነው። ያኔ የተማርኩትን ነገር ቀድሞ የነገረን ሰው ቢኖር ብዙ ገንዘብና ብዙ እንባ ይቀርልን ነበር።

አክስቴ ወጣትነቷን የጨረሰችው ቤይሩት ነው። የምትጦራቸው አሮጊት ሊለያዩ ሲሉ ከጣታቸው አንድ ቀለበት አውልቀው ሰጧት። መሃሉ ላይ ደማቅ ሰማያዊ ድንጋይ አለው፤ ዙሪያውን ትናንሽ ነጫጭ ፈርጦች ከበውታል። አክስቴ በሻሽ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስቀምጣው ኖረች። ለሠርግና ለኢድ ብቻ ታወጣዋለች።

ልጇ ስለ «ኦፔንሃይመር ብሉ» ያነበበ ዕለት ነገሩ ተለወጠ። ይህ 14.62 ካራት የሚመዝን ሰማያዊ አልማዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጄኔቫ ውስጥ ክሪስቲስ በሚባለው ሐራጅ ቤት 57.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። ዜናው እውነት ነው። የእናቱም ቀለበት ሰማያዊ ነው። ፎቶ አነሳና አንድ ትልቅ የፌስቡክ ግሩፕ ላይ «ይሄ ስንት ያወጣል?» ብሎ ለጠፈ።

ውሎ ሳያድር አንድ ሰው ኢንቦክስ አደረገለት። የታወቀ የአውሮፓ ሐራጅ ቤት ወኪል ነኝ አለ። አማርኛው ጥርት ያለ ነው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ላከ። ግምቱ ከ180 ሺህ እስከ 220 ሺህ ዶላር ይላል። ከዚያ ቀለበቱ ካታሎግ (የሚሸጡ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ እንዲገባ የምዝገባና የኢንሹራንስ ክፍያ ጠየቀ። በብር፣ በአንድ ግለሰብ ሒሳብ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህ ጥያቄ ለማንም እንግዳ አልሆነም። እኛ የምናውቀው ጨረታ እንደዚያ ነዋ። የጨረታ ሰነድ በገንዘብ ይገዛል። ሲፒኦ ይያዛል። ምንም ሳይከፈል የሚገባበት ጨረታ አይተን አናውቅም። ግን ልብ በሉ፤ በኛም ጨረታ ቢሆን ማስያዣ የሚያቀርበው ሊገዛ የመጣው ተጫራች ነው እንጂ ንብረቱን የሚሸጠው አይደለም። አጭበርባሪው የገባው በዚህች ልዩነት ነው። በውጭም ያው ነው። ለመግዛት የሚመዘገብ ሰው መታወቂያ ያሳያል፤ ውድ ለሆነ ዕቃ ማስያዣ ሊጠየቅ ይችላል። ከሻጭ የሚፈለግ ገንዘብ ግን በተለመደው አሠራር ዕቃው ከተሸጠ በኋላ ከሽያጩ ላይ ይቀነሳል። ገና ቀለበቱን በዓይኑ ሳያይ ለምዝገባ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ሐራጅ ቤት አይደለም።

ለአክስቴ ልጅ እቁብ ወጥቶለት ነበር። እንዳለ ላከው። ቀጥሎ «የስዊዘርላንድ ታክስ» የሚባል መጣ። ተበድሮ ላከ። በመጨረሻ ሰውየው «አንድ ሰው መናኸሪያ መጥቶ ቀለበቱን ይቀበላችኋል» አለ። ያን ጊዜ አክስቴ እምቢ አለች። «የሴትዮዋን አደራ ፊቱን ላላየሁት ሰው አልሰጥም። ወላሂ አልሰጥም!» ቀለበቱን ያተረፈው ይህ እምቢታ ነው። ሰውየው ተቆጣ፣ በጠበቃ አስፈራራ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ።

ከባዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ መታለሉን አላመነም። «እማ እምቢ ብላ ነው የተበላሸው» አለ። እሷን ደግሞ ልጇ አደራዋን ለማያውቀው ሰው ሊያስረክብ መነሳቱ አንገበገባት። ረመዳን ገባ፣ ወጣ። ኢድን ለየብቻ ዋሉ። አባቶች ተሰብስበው ሊያስታርቁ ሞከሩ። እሱ ግን «ማታለል መሆኑን አሳዩኝና እግሯ ላይ እወድቃለሁ» ብሎ ደረቀ። ፊደል የቆጠርሽ አንቺ ነሽ ተባልኩና የማሳየቱ ሥራ ለኔ ተሰጠ።

የጀመርኩት እውነተኞቹን ሐራጅ ቤቶች በማየት ነው። ሶዝቢስ የተመሠረተው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1744 ነው፤ ክሪስቲስ በ1766። ሁለቱም ትልልቆቹን የጌጣጌጥ ሐራጆቻቸውን ጄኔቫ ላይ ያካሂዳሉ፤ በኛ አቆጣጠር ግንቦትና ኅዳር አካባቢ። ካታሎጉን ለማየት ማንም አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። እያንዳንዱ ሎት፣ ማለትም ለሐራጅ የቀረበ ዕቃ፣ ከነፎቶው፣ ከነመግለጫው፣ ከነግምቱ ተዘርዝሯል። ቀደም ብሎ የተሸጠው ስንት እንዳወጣም ድረ ገጻቸው ላይ ይገኛል። ሐራጁን ራሱን በቀጥታ መከታተል ይቻላል። ጄኔቫ ከኛ ግንቦት ላይ በአንድ ሰዓት፣ ኅዳር ላይ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እነሱ ከምሳ መልስ ሲጀምሩ እኛ ጋ ዘጠኝ ወይም አስር ሰዓት ይሆናል።

መጀመሪያ ያየሁትን አልረሳውም። መብራት ጠፍቶ ስልኬ ፓወር ባንክ ላይ ተሰክቷል። አጫራቹ ከፍ ያለ ሳጥን ኋላ ቆሟል። በጎን በኩል ስልክ የያዙ ሠራተኞች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው መስመር ላይ ገዢ አላቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ከልለው ያንሾካሹካሉ። ሰንፔር የሚባል ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ያለው ቀለበት ቀረበ። ዋጋው በስዊዝ ፍራንክ ሲጠራ ከሥሩ በዶላርና በሌላ አገር ገንዘብ እየተመነዘረ ይታያል። ስልክ የያዘች አንዲት ሠራተኛ ጣቷን ቀሰረች። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰውዬ አንገቱን ነቀነቀ። እሷ ደገመች። ሰውዬው አሰበ። አጫራቹ አልተቻኮለም፤ ሁለቱን እያፈራረቀ አየና ጠበቀ። ሰውዬው ራሱን ወዘወዘ። መዶሻው ጠቅ አለ፤ ተሸጠ ማለት ነው። ሁሉም ነገር ያለቀው ቡና በማይቀዳበት ጊዜ ውስጥ ነው።

ሐራጆችን ደጋግሜ ሳይ አንድ ነገር ገባኝ። ሐራጅ ላይ የቀረበ ዕቃ አንድ ዋጋ ብቻ የለውም። ብዙ ዋጋ ነው ያለው። ዜና ላይ የሚደርሰን ደግሞ ከሁሉም ትልቁ ነው። ይህን ያወቀ ሰው በቀላሉ አይታለልም ብዬ ስለማምን ጊዜ ወስጄ ላስረዳ።

መጀመሪያ ግምት አለ። «ከ8,000 እስከ 12,000 ፍራንክ» ተብሎ ይጻፋል። የባለሙያ ግምት ነው እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም። ቀጥሎ ሻጩና ቤቱ በምስጢር የሚስማሙበት ዋጋ አለ፤ ከእሱ በታች አይሸጥም። አብዛኛውን ጊዜ ከግምቱ ዝቅተኛ ቁጥር አይበልጥም። ጨረታው እዚያ ካልደረሰ ዕቃው ሳይሸጥ ይመለሳል። አጫራቹ እስከዚያ ዋጋ ድረስ በሻጩ ስም ራሱ ዋጋ መጥራት እንደሚችል የቤቶቹ ደንብ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ዋጋው ሲወጣ ስላያችሁ ብቻ አዳራሹ ውስጥ ሁለት እውነተኛ ገዢ አለ ማለት አይደለም።

ከዚያ መዶሻው የሚያርፍበት ዋጋ ይመጣል። በላዩ ላይ የገዢው ኮሚሽን ይጨመራል። ትልልቆቹ ቤቶች ዘንድ ይህ ሩብ ያህል ነው፤ ዋጋው ሚሊዮኖች ውስጥ ሲገባ መቶኛው ይቀንሳል። ሒሳቡን እንሥራው። መዶሻው 10,000 ፍራንክ ላይ አረፈ እንበል። ኮሚሽኑ 26 በመቶ ቢሆን ገዢው 12,600 ይከፍላል፤ ታክስና ማጓጓዣ ሳይታሰብ። ሻጩ ደግሞ 10 በመቶ ቢቀነስበት የሚደርሰው 9,000 ነው፤ የኢንሹራንስና የፎቶ ወጪ ካለ ከዚያም ይወርዳል። ከአንዱ ኪስ በወጣውና ሌላው ኪስ በገባው መሃል 3,600 ፍራንክ አለ። እሱንም ቢሆን ሻጩ የሚያገኘው በማግስቱ አይደለም፤ ገዢው እስኪከፍል ሳምንታት ይጠብቃል።

አሁን ዜናው እንዴት እንደሚጻፍ ተመልከቱ። «ከ8,000 እስከ 12,000 የተገመተው ቀለበት ከግምቱ በላይ 12,600 አወጣ» ይባላል። ግምቱ ኮሚሽኑን አይጨምርም፤ የተሸጠበት ተብሎ የሚነገረው ግን ኮሚሽኑን ያካተተ ነው። መዶሻው ያረፈው ግምቱ መሃል ላይ፣ 10,000 ላይ ነበር። ምንም ተዓምር የለም። ስለዚህ ውጤት ስታነቡ መጀመሪያ ኮሚሽኑን ቀንሱና ከግምቱ ጋር አስተያዩ። የናንተን ዕቃ ከተሸጠ ዕቃ ጋር የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ አንድ እርምጃ ውረዱና ሻጩ እጅ የገባውን አስቡ።

መዶሻ ማረፉም ገንዘብ ገባ ማለት አይደለም። «ፒንክ ስታር» የተባለው 59.60 ካራት የሚመዝን ሮዝ አልማዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ጄኔቫ ላይ በ83 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ ተብሎ ዓለም አወራ። ገዢው መክፈል አልቻለም። ድንጋዩ በ2017 ሆንግ ኮንግ ላይ እንደገና ቀርቦ በ71.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ሌላው ትልቅ ነገር ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው የማሪ አንቷኔት የዕንቁና የአልማዝ ማንጠልጠያ ጄኔቫ ላይ ለሐራጅ ቀረበ። ግምቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። 36 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። «ላ ፔሬግሪና» የተባለውን ዕንቁም ውሰዱ። ተዋናዩ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1969 ለሚስቱ ለኤልሳቤጥ ቴይለር የገዛው በ37 ሺህ ዶላር ነው። እሷ ካረፈች በኋላ በ2011 ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ሰው የከፈለው ለዕንቁው ብቻ አልነበረም። ማን እንዳጠለቀው በማስረጃ ስለታወቀ ነው።

የአክስቴም ቀለበት ታሪክ አለው። ግን ሐራጅ ቤት የሚቀበለው ታሪክ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም ፎቶ ያለው ነው። አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ይህቺን ምክር ከልቤ ነው የምላችሁ። አሠሪያችሁ ጌጥ በስጦታ ከሰጠቻችሁ አንድ መስመር ወረቀት አስጽፉ፤ ቀኑና ፊርማዋ ይኑርበት። ከተቻለ ጌጡን ይዛችሁ አብራችሁ ፎቶ ተነሱ። ጥቅሙ ለሽያጭ ብቻ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «ሰርቃ ነው» ከመባል ያድናል።

ድንጋዩ ራሱም ወረቀት አለው። የከበሩ ድንጋዮችን የሚመረምረው ጂአይኤ የሚባለው የአሜሪካ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ኤስኤስኢኤፍና ጉበሊን የሚባሉ ቤተ ሙከራዎች አሉ። የእነሱ ወረቀት ድንጋዩ የተፈጥሮ መሆን አለመሆኑን፣ ክብደቱን፣ ቀለሙ በሙቀት መስተካከል አለመስተካከሉን፣ አንዳንዴም ከየት አገር እንደወጣ ይናገራል። ከካሽሚር የወጣ፣ ሙቀት ያልነካው ሰንፔር በዓይን ከሚመሳሰለው ሌላ ሰንፔር ብዙ እጥፍ ያወጣል። ይህን በስልክ ካሜራ የሚለይ ሰው የለም። እውነተኞቹ ቤቶች ፎቶ ልካችሁ የመጀመሪያ ግምት ስትጠይቁ በነፃ ያያሉ፤ ግን ዕቃውን ሳይመረምሩ አይቆርጡም። ብዙ ጊዜ መልሳቸው «ለኛ ሽያጭ አይሆንም» የሚል ነው። ይህ መልስ ቢመጣባችሁ ቅር አይበላችሁ። ደህና ቤት ነው የጠየቃችሁት።

ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍሬ ለአክስቴ ልጅ አሳየሁት። ሒሳቡ ላይ ዝም አለ። ከዚያ ግን «ድንጋዩስ? እሱ እውነተኛ ቢሆንስ?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ሰውየው ሌባ መሆኑ ቀለበቱን ርካሽ አያደርገውም። ስለዚህ ሦስታችን ቀለበቱን ይዘን አዲስ አበባ ሄድን፤ የከበሩ ድንጋዮችን የሚመረምር ባለሙያ ዘንድ። እናትና ልጅ መንገዱን ሙሉ አልተነጋገሩም። እኔ መሃላቸው ተቀምጬ ደብረ ብርሃንን አለፍን።

ባለሙያው መጀመሪያ ወርቁን አየ። ከቀለበቱ ውስጥ በኩል 750 የሚል ምልክት ተመቷል። ከሺህ 750 እጁ ንጹሕ ወርቅ ነው ማለት ነው፤ 18 ካራት። ነጫጮቹን ፈርጦች አያቸውና እውነተኛ አልማዝ ናቸው አለ፤ የድሮ አቆራረጥ፣ ጥቃቅን። የአክስቴ ልጅ ወንበሩን ሳበ። ቀጥሎ ሰማያዊው ድንጋይ ማይክሮስኮፕ ሥር ገባ። ባለሙያው እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ «ና፣ አንተው እየው» አለው። እኔም ተራዬ ደርሶ አየሁ። ድንጋዩ ውስጥ እንደ ድሮ የሸክላ ዲስክ የጎበጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉ።

የተፈጥሮ ሰንፔር የቀለም መስመር ቀጥ ያለና ማዕዘን የሚሠራ ነው። መስመሩ ከጎበጠ ድንጋዩ ሰው ሠራሽ ነው። ቨርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ ዱቄትን በነበልባል አቅልጦ ሩቢ የሚባለውን ቀይ የከበረ ድንጋይ የመሥራት ዘዴውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሰንፔሩም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ስለዚህ የመቶ ዓመት ድንጋይም ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። «ከአያቷ የወረሰችው ነው» ተብሎ የተነገረን ሁሉ ከመሬት የወጣ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። አሮጊቷ አክስቴን አላታለሏትም። እሳቸውም ሳያውቁ አጥልቀውት የኖሩ ይመስለኛል።

የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ላይ አንስቶ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ አፉ በይኝ» አለ። «አፉ ብዬሃለሁ» አለች። ቀለበቱ በወርቁና በጥቃቅኖቹ አልማዞች ልክ ዋጋ አለው። አክስቴ አልሸጠችውም።

ወደ ደሴ ከተመለስን በኋላ ወሬው ተሰማና ሰው ዕቃውን ይዞ ወደኔ መምጣት ጀመረ። ባለሙያ አይደለሁም፤ ለእነሱ የምነግራቸውን ለናንተም ልንገራችሁ።

የያዛችሁት ተራ የወርቅ ጌጥ ከሆነ ጄኔቫን እርሱት። ከሳዑዲ የሚመጣው አብዛኛው 21 ካራት ነው፤ ዋጋው በግራም ነው። ሁለት ሦስት ወርቅ ቤት አስመዝኑ። ሚዛኑ ፊታችሁ ይሁን። ድንጋይ ካለው ክብደቱ እንዴት እንደሚቀነስ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሐራጅ ላይ ከግራሙ በላይ የሚያወጣው እንደ ካርቲዬ ያለ የታወቀ ሠሪ ስምና ቁጥር ያለበት ጌጥ ነው፤ ስሙ ደግሞ በብዛት ይኮረጃል። ካራት ሲሏችሁም የምኑ ካራት እንደሆነ አጣሩ። የወርቅ ካራት ከ24 እጅ ስንቱ ንጹሕ እንደሆነ ይናገራል። የድንጋይ ካራት ክብደት ነው፤ አምስቱ አንድ ግራም ይሞላል።

ኦፓል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የቤታችን ነገር ነው። የወገልጤናው ኦፓል እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ከወጣ ወዲህ ዓለም ያውቀዋል። ደሴ ውስጥ አንድ ነጋዴ ፊቴ ያደረገውን ልንገራችሁ። አረንጓዴና ቀይ የሚረጭ ድንጋይ አንስቶ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣለው። ቡና እየጠጣን ስናወራ ቀለሙ እየደበዘዘ ሄደ። ቆይቶ ድንጋዩ ብርጭቆው ውስጥ ያለ እስከማይመስል ጠራ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው ድንጋዩ ተበላሸ ብሎ በርካሽ ይሸጠዋል። ውሃ የሚመጥጥ ድንጋይ ዘይትም ሽቶም ቀለምም ይመጥጣል። ስለዚህ ቀለም የተነከረ ወይም በጭስ የጠቆረ ኦፓል የተፈጥሮ ጥቁር ነው ተብሎ ይሸጣል። ውሃ ውስጥ እንዳለ የሚያሳዩአችሁን ድንጋይ ደርቆ ሳታዩት አትግዙ። ለማድረቅ ብላችሁም ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ይሰነጠቃል። የከበረ ድንጋይ መነገድም ሆነ ወደ ውጭ መላክ ፈቃድ ይፈልጋል። ያለ ፈቃድ በሻንጣ ውሰድልኝ የሚላችሁን አትስሙ።

የብር ጌጥና ጠገራ ብር ይዘው የሚመጡም አሉ። የማሪያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ አይታችሁ ብርቅ ነው አትበሉ። 28 ግራም ይመዝናል፤ 83 በመቶው ብር ነው። የቆየ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ የአባቶች ዕቃ ከሆነ ግን ጉዳዩ የገበያ አይደለም። የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ወንጀል ነው። ወኪል ነኝ ባይ ይህን አይነግራችሁም፤ የምትታሰሩት ግን እናንተ ናችሁ።

መግዛት የምትፈልጉም ትኖራላችሁ። መጀመሪያ አንድ ሐራጅ በአካል ቆማችሁ እዩ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ ያገለገለ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ሄጄ አይቻለሁ። ሁለት ሰዎች እልህ ተጋቡና አንዱን ዕቃ ሱቅ ውስጥ አዲሱ ከሚሸጥበት አሳልፈው ገዙት። ሲወጡ ሁለቱም አልተደሰቱም። ስለዚህ ጣሪያችሁን ቤት ሆናችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ኮሚሽኑንም ጨምራችሁ። አቅማችሁ 1,000 ዶላር ከሆነና ኮሚሽኑ 26 በመቶ ከሆነ መዶሻው 790 ላይ ሲደርስ እጃችሁን አውርዱ። ዕቃው የሚሸጠው ባለበት ሁኔታ ነው። የተሰነጠቀ፣ የተጠገነ፣ የተቀየረ ክፍል እንዳለው ከሐራጁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ይመልሱላችኋል። የብር ሒሳባችሁ ውጭ አይከፍልላችሁም። የውጭ ምንዛሪውን ከባንካችሁ፣ ቀረጡን ከጉምሩክ ሳታጣሩ ለመጫረት አትመዝገቡ፤ አሸንፎ አለመክፈል በሕግ ያስጠይቃል።

አሁን አንድ ወኪል ነኝ ባይ እየጻፈላችሁ ከሆነ ገንዘብ መላክ አቁሙ። የሐራጅ ቤቱን ድረ ገጽ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ክፈቱ። እሱ በላከላችሁ ሊንክ አትግቡ። እዚያ ባገኛችሁት አድራሻ ስሙን ጠቅሳችሁ ጠይቁ። ቀድሞ የላካችሁ ገንዘብ ካለ ያንኑ ዕለት ባንኩን አነጋግሩ፤ ገንዘቡ ከሒሳቡ ሳይወጣ ሊደረስበት ይችላል። መልእክቶቹን አታጥፉ። ስክሪንሾት አድርጉ፣ የሒሳብ ቁጥሩን ያዙ፣ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቡ። የመጀመሪያውን ለማስመለስ ሁለተኛ አትላኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ «የተበላችሁትን ገንዘብ አስመልስላችኋለሁ፣ ትንሽ የሥራ ማስኬጃ ላኩ» የሚል ሌላ ሰው ሊመጣ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ዘንድም መጥቶበታል። ለእሱም መልስ አትስጡ፤ ቁጥሩን ለፖሊስ ጨምሩበት።